ስም የሚወጣው ለሚጠራው ሰው ነው፦ ስለ ድርጅት ስያሜ ለቀረበው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አዲስ ድርጅት ለሚያቋቁሙ ወጣቶች ስም አወጣጥን የሚመክር ጽሑፍ በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። ጸሐፊው የአገራችን ሰው ናቸው፤ የጻፉትም ለወጣቶቹ በማሰብ እንደሆነ አልጠራጠርም። በአጭሩ ስድስት ነገር ይላሉ። ስሙ የውጭ አገር ቃና ይኑረው፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ሥራውን ይወቅበት፤ የአካባቢ ስም ገበያን ስለሚያጠብ ይቅር፤ ስም ከጠፋ የባለቤቶቹን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ማገጣጠም ይበቃል፤ ንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረ ስም የባለቤቱ ሆኗልና ሌላ ምዝገባ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በመጨረሻም ስም በማንኛውም ጊዜ ስለሚለወጥ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ምክራቸውን የሚያሳርጉት «ስምን መልአክ ያወጣዋል» በሚለው ብሂል ነው።

ከስድስቱ ነጥቦች በአንዱ በከፊል እስማማለሁ፤ የቀሩትን ግን ወጣቶቹ እንዲከተሏቸው አልፈልግም። እንጀራዬ ታፔላ መጻፍ፣ ማኅተም ማስቀረጽና ደረሰኝ ማሳተም ስለሆነ ብዙ ስም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ለአንዳንዶቹ ልጆች ይህ ሥራ ወላጅ በሬ ሽጦ የሰጣቸው መነሻ ገንዘብ ያረፈበት ነው። የስሙን ነገር እንደ ቀለም ምርጫ አቅልሎ የሚነግራቸው ሰው ሲገኝ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የመጀመሪያው ነጥባቸው የውጭ ስም ደንበኛ ይስባል የሚለው ነው። ማስረጃቸው ጠንካራ ይመስላል። «አይሱዙ፣ ኖኪያና ባጃጅ የማን ቃላት ናቸው? የጎጃም ገበሬ ለምዷቸው የለም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለምዷቸዋል። ነገር ግን እነዚህን ስሞች ያወጧቸው ሰዎች ከማንም አልተዋሷቸውም። አይሱዙ በጃፓን በኢሴ ቤተ መቅደስ አጠገብ የሚፈስ ወንዝ ነው። ኖኪያ በፊንላንድ የምትገኝ ከተማ ናት። ባጃጅ የአንድ የሕንድ ነጋዴ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ጤፍና ሽንኩርት ጭኖ የዓባይን በረሃ የሚወጣው የጭነት መኪና ግንባሩ ላይ የለጠፈው የወንዝ ስም ነው፤ ጃፓኖቹ ወንዛቸውን ገጠሬ ነው ብለው አልናቁትም። ጸሐፊው ለክርክራቸው የጠሯቸው ሦስቱም ምስክሮች የሚመሰክሩት ለተቃራኒው ወገን ነው።

እኛ ጋ ግን ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉት ከተሞች ዱባይ፣ ሚላኖ፣ ፓሪስ የሚል ታፔላ ያልተሰቀለበት መንገድ ማግኘት ይቸግራል። እንዲህ ያለ ስም አንዱን ከሌላው አይለይም። ፍኖተ ሰላም ያለው ሚላኖና ባሕር ዳር ያለው ሚላኖ የአንድ ሰው ይሁኑ የሁለት ማንም አያውቅም፤ አንዱ መጥፎ ዕቃ ቢሸጥ ወቀሳው ለሌላውም ይተርፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሕዝቡ ስሙን ጨርሶ አለመጥራቱ ነው። «ከቴሌ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ» ወይም «የእነ እገሌ ቤት» ይለዋል። ባለቤቱ ለታፔላው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በሰው አፍ ውስጥ ስም የለሽ ሆኖ ይቀራል።

ቴሌን ካነሣሁ አይቀር፣ የዚህ መሥሪያ ቤት ነገር የሕዝብ አፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያሳያል። መሥሪያ ቤቱ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ሰዉ የሚለው «ቴሌ» ነው። በኋላ የገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎት ሲጀመር ስሙ «ቴሌብር» ተባለ። ይህን ስም ያወጡት ሰዎች ሕዝቡ ራሱ ያሳጠረውን ቃል ወስደው ገንዘባችንን ቀጠሉበት። ማንም ሳያስተምረን በአንድ ጊዜ ገባን፤ ለመጥራትም አላስቸገረን።

በቀድሞ ዘመን የነበሩት አባቶቻችንም ይህን ጥበብ ያውቁት ነበር። የፈረስ ስም አወጣጥን ተመልከቱ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት «አባ ጠና» ነበሩ፤ በላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» ይባል ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ሁሉም አጭር ናቸው። ሁሉም በጦር ሜዳ ጩኸት መካከል ከሩቅ ይሰማሉ፤ ለፉከራ ይመቻሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይምታታም። ማንም ፊደል ሳይቆጥር ሰምቶ ይደግማቸዋል። ዛሬ ለድርጅት ስም የሚፈለገው ባሕርይ ይኸው ነው፤ ይህን ለመማር ሚላኖ መሄድ አያስፈልግም።

«ስሙን የሰማ ሁሉ ሥራውን ይወቅ» የሚለው ሁለተኛው ምክር ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ብዙ ወጣት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የሰጡት ምሳሌ «ንጹሕ የጎጃም ማር» የሚል ነው። ማር የሚሸጥ ሰው ሁሉ ማሬ ንጹሕ ነው ይላል፤ ጎጃም ውስጥ የተቆረጠ ማር ሁሉ የጎጃም ማር ነው። ጎረቤቱ ነገ «ምርጥ የጎጃም ማር» ብሎ ቢከፍት ምን ብሎ ይከለክለዋል? ሕጉም አይረዳውም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠን፣ ጥቅም ወይም የመጣበትን ቦታ ከመግለጽ ያለፈ ነገር የሌለውን ምልክት ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጥም። ማር፣ ንጹሕና ጎጃም የሚሉትን ቃላት ማንኛውም ማር ነጋዴ ይፈልጋቸዋልና የጋራ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ጸሐፊው እንደ ጥሩ ምሳሌ ያቀረቡት ስም ባለቤቱ የእርሱ ብቻ ለማድረግ የሚቸገርበት ስም ነው።

ሌላው ችግር ሥራ መለወጡ ነው። በዶሮ እርባታ የተደራጁ ልጆች ገበያውን ካዩ በኋላ መኖ ማቀነባበር ይጀምራሉ። በብሎኬት የጀመሩ ወደ ሕንፃ ተቋራጭነት ያድጋሉ። በቡሬ በርበሬ የጀመረ ሰው ቅመማ ቅመም ሁሉ ያስፈጫል፤ ሲቀናውም ዘይት ይጨምራል። «እገሌ የዶሮ እርባታ» የሚል ማኅተም ይዞ የመኖ ጨረታ ውስጥ የገባ ማኅበር ገና ዋጋው ሳይታይ ማስረዳት ይጀምራል።

ቅርባችን ያለውን ትልቁን ምሳሌ እንውሰድ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የሚለው ስም ሥራውን በትክክል ይናገር ነበር፤ የተበደረ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ተቋሙ ወደ ባንክነት ሲያድግ ግን ያ ስም አብሮት መሄድ አልቻለም፤ ፀደይ ባንክ ሆነ። ፀደይ ስለ ብድርም ስለ ቁጠባም ምንም አይናገርም፤ በዚህም ምክንያት ተቋሙ ወደፊት ምንም ሥራ ቢጨምር አይጠበውም። ኖኪያም እ.ኤ.አ. በ1865 የጀመረው ለወረቀት የሚሆን እንጨት በመፍጨት ነው። ቀጥሎ የጎማ ጫማና የኤሌክትሪክ ገመድ ሠራ፤ ስልኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መሥራቾቹ ስሙን «የፊንላንድ ወረቀት» ብለውት ቢሆን ኖሮ ያንን ስም ስልክ ላይ ማን ይለጥፈው ነበር?

ሥራውን ለማያውቅ መንገደኛ መንገር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እርሱ ግን የስሙ ሥራ አይደለም። ታፔላው ሁለተኛ መስመር አለው። ከላይ ስሙን በትልቁ፣ ከታች «የዱቄት ፋብሪካ» ወይም «የማር ማቀነባበሪያ» ብሎ በትንሹ መጻፍ ነው። ሥራው ሲቀየር የታችኛው መስመር ይቀየራል፤ የላይኛው ባለበት ይኖራል። ይህን መለየት ብቻ ስንት ማኅበር ከጣጣ ባዳነ!

ሥራንና ስምን ማጣበቅ በሌላ በኩልም አደጋ አለው። ዛሬ በከተሞቻችን ያለ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ማን ሠራው ሳይባል ሁሉም ባጃጅ ነው። የታሸገ ውሃ መያዣ ፕላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ ይባላል። ስሙ የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሲሆን ያወጣውን ኩባንያ ለይቶ ማሳየቱን ያቆማል። ይህ የሚደርሰው በጣም ለቀናው ስም ስለሆነ ጀማሪን አያስጨንቀውም፤ አቅጣጫውን ግን ማወቅ ይጠቅማል። ስም የሚፈለገው ከሌላው ለመለየት ነው። እንደ ሌላው ሁሉ ለመባል ከሆነ ስም ማውጣትም አያስፈልግም ነበር።

ሦስተኛው ምክር ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። «የወንዝና የቀበሌ ስም ከአካባቢው አያስወጣችሁም፤ አዲስ አበባም ውጭ አገርም ገበያ የለውም» ይላሉ። ለአይሱዙና ለኖኪያ የሠራ የወንዝና የከተማ ስም ለእኛ የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? በአገራችንስ አዋሽ ባንክ ከወንዝ፣ ዳሽን ባንክ ከተራራ የተሰየሙ አይደሉም? ከሰሜን ተራሮች የተወሰደው ዳሽን የሚለው ስም ሞያሌ ድረስ ሲደርስ ማን ከለከለው?

የቡናውን ነገር ደግሞ ሁላችንም ልናውቀው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩም ከስታርባክስ ጋር ጭምር ተካርሮ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጣ። በ2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። የዓለም ትልልቅ ነጋዴዎች የተሟገቱባቸው እነዚህ ስሞች የገበሬ መንደርና የአካባቢ ስሞች ናቸው። የቦታ ስም ዋጋ ከሌለው ያ ሁሉ ጠበቃ ለምን ቆመ?

በከፊል የምስማማበት ያልኩት ነጥብ ይኸው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቴ ግን ከእርሳቸው ይለያል። የአካባቢ ስም ስለሚያጠብ አይደለም መጠንቀቅ ያለብን። የታወቁት የአካባቢ ስሞች ስለተጨናነቁ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ወይም ዓባይ የሚል ስም የሌለበት ሥራ ምን ቀረ? ሆቴሉ፣ ፋርማሲው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጋራዡ ሁሉ ጣና ነው። ዳሽን የሚለው ስም ራሱ ባንክም ቢራም ነው፤ ሁለቱ የማይገናኙ ኩባንያዎች ናቸው። የሥራው ዓይነት የተለያየ ስለሆነ ሕጉ አይከለክልም፤ አዲስ ገቢ ግን ሁለት ግዙፎች በያዙት ስም ሦስተኛ ሆኖ ቢገባ ማን ያየዋል? ከዚህም ሌላ ጎጃም የሚለውን ስም በጤፍ ወይም በማር ላይ ብቻውን ማድረግ ቅድም ያልኩት የሕግ እንቅፋት ይገጥመዋል፤ የምርቱን መገኛ ከመንገር አያልፍምና።

ትልልቆቹ ከተያዙ ትንንሾቹ አሉ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጨሞጋ ይፈስሳል። ደምበጫ ሲደርሱ ተምጫ አለ፤ ቡሬ አካባቢ ፈጣም። ወደ ቢቸና ሲሄዱ ሙጋ። ሁሉም ወደ ዓባይ የሚገቡ ውሃዎች ናቸው። ሁሉም አጭር ናቸው፤ ለአካባቢው ሰው የቤቱን ያህል የታወቁ፣ ለሌላው አዲስ የሆኑ ናቸው። ለጫማ ፋብሪካ ወይም ለሶፍትዌር ድርጅት «ተምጫ» ቢባል ስሙ ስለ ጫማውም ስለ ሶፍትዌሩም ምንም ስለማይገልጽ በምልክትነት ለማስመዝገብ ይቀላል። ተራራውም ሜዳውም ምንጩም እንዲሁ ስም አለው፤ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ከመረጣችሁ በኋላ ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞት እንደሆነ ማጣራት የእናንተ ፋንታ ነው።

ጸሐፊው ያላነሡትን አንድ ነገር እዚህ ላይ እጨምራለሁ፤ ፊደሉን ነው። የእኛ ፊደል ድምፃቸው አንድ የሆኑ ሆሄያት አሉት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ጆሯችን አይለያቸውም፤ ኮምፒውተር ግን ይለያቸዋል። ዓባይ፣ አባይ እና ዐባይ ለኮምፒውተር ሦስት ስሞች ናቸው። ፀሐይ የሚለው ቃል በስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል ቁጠሩት። ማኅተሙ ላይ በሐ፣ ደረሰኙ ላይ በሀ ወጥቶ ኦዲተር ፊት የቀረበ ማኅበር አጋጥሞኛል፤ ሁለቱ አንድ ድርጅት መሆናቸውን ለማስረዳት ደብዳቤ ሲያጽፍ ከረመ። ስማችሁ እነዚህ ሆሄያት የሌሉበት ቢሆን ትገላገላላችሁ። የግድ ካሉበት ደግሞ አንዱን አጻጻፍ ከመመሥረቻ ጽሑፉ ጀምራችሁ በየሰነዱ ሁሉ አጽኑት።

በላቲን ፊደል ሲጻፍም እንዲሁ ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ በላቲን የራሳቸው ፊደል ስለሌላቸው እያንዳንዱ ሰው በመሰለው ይጽፋቸዋል። ጮቄ ውብ ስም ነው፤ የጎጃም ውሃዎች ማማ የሆነው ተራራ ነው። በተለመደው የላቲን አጻጻፍ (Choke) ግን እንግሊዝኛ አንባቢ «ማነቅ» ብሎ ያነበዋል፤ ለምግብ ምርት ደግሞ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ሰው ጮቄን ለሰሊጡ ወይም ለማሩ ስም ከማድረጉ በፊት ያስብበት። ሙጋን ግን ማንም በየትኛውም ፊደል አያበላሸውም። የኤክስፖርት ሰነድ በባንክ ሲሄድ በኤልሲው (ባንክ ለሻጩ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ላይ ያለውና በደረሰኙ ላይ ያለው ስም ካልገጠመ ክፍያ ይዘገያል። አጻጻፉን በላቲንም አንድ ጊዜ ወስናችሁ አትንኩት።

ወደ አራተኛው ልለፍ። የባለቤቶቹን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አገጣጥሙ ይላሉ፤ አይቢኤምንና ቢኤምደብሊውን ይጠቅሳሉ። እነዚህ ኩባንያዎች ሦስት ፊደል በሰው ጭንቅላት ውስጥ ለማስቀመጥ አሥርት ዓመታትና የማይቆጠር ገንዘብ አፍስሰዋል። ሦስት ጓደኛሞች «ኤም ቲ ዋይ ትሬዲንግ» ብለው ቢነሡ ከ«ኤን ቲ ዋይ» ለይቶ የሚያስታውሳቸው ማን ነው? ገበያ ላይ ቆሞ የሚጠራቸው ገበሬ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል በአእምሮው ይዞ ወደ ቤቱ አይገባም።

ማሳጠር የግድ ከሆነ በራሳችን ፊደል ይሁን። የእኛ ሆሄ አናባቢውን ይዞ ስለሚሄድ ምሕጻረ ቃሉ ራሱ የሚነበብ ቃል ይሆናል። የብድርና ቁጠባ ተቋሙን ገበሬው «አብቁተ» ሲለው ኖሯል፤ የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅትንም «አመልድ»። እነዚህን በላቲን ፊደል አንድ በአንድ መጥራት ሳያስፈልግ እንደ ሰው ስም ጠራናቸው። ይህ ጸጋ እያለን ኤም ቲ ዋይ ውስጥ ምን እንፈልጋለን?

በባለቤቱ ሙሉ ስም መሰየምስ? ክቡር ነገር ነው፤ ስሙን የሰጠ ሰው ለዕቃው ይጠነቀቃል። ነገር ግን የእኛ አጠራር ከሕንዱና ከጃፓኑ ይለያል። እነርሱ የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ባጃጅ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይሄዳል። በእኛ አገር የአባት ስም ለልጁ ሁለተኛ ስም ይሆናል፤ ለልጅ ልጁ ሦስተኛ፤ ከዚያ በኋላ ከመታወቂያም ይጠፋል። ሽርክና ሲፈርስ ወይም ድርጅቱ ሲሸጥ ደግሞ የሄደው ሰው ስም በቀሪዎቹ በር ላይ ይቀራል። ለሙያተኛ፣ ለሐኪም፣ ለጠበቃ የራስ ስም ይስማማል። አምስት ሆነው ለሚነሡ ወጣቶች ግን በአንዱ ስም መጠራት ከጊዜ በኋላ ቅሬታ ያመጣል።

አምስተኛው ነጥብ ስህተቱ ግልጽ ስለሆነና ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ በቀጥታ እናገራለሁ። ንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረ ስም ማለት የንግድ ስም ነው፤ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ ቢሮ ይመዘገባል። በዕቃችሁ ላይ የሚታተመው መለያ ደግሞ የንግድ ምልክት ነው፤ ምዝገባውን የሚያካሂደው በአዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። በንግድ ፈቃዱ የተማመነ ሰው ስሙን በሰው ዘንድ ካሳወቀ በኋላ ሌላው ቀድሞት ምልክቱን ቢያስመዘግብ፣ የራሱን ስም በራሱ ዕቃ ላይ እንዳያትም ሊከለከል ይችላል። ተከራክሮ ቢረታ እንኳ ጊዜውና ገንዘቡ አይመለስለትም።

ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ እየታደሰ ይቀጥላል። አዎ፣ ክፍያ አለው፤ ማመልከቻ መጻፍና መመላለስም አለው። ነገር ግን ለካርቶንና ለፕላስቲክ ማሸጊያ ማሳተሚያ ከሚወጣው ገንዘብ አጠገብ ሲታይ ይህ ወጪ ወጣቶቹን ለማስፈራራት የሚጠቀስ አይደለም። ዕቃ ሳያሽጉ አገልግሎት ብቻ የሚሰጡ ትንንሽ ሱቆች ሊያዘገዩት ይችላሉ፤ ማር፣ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ሳሙና አሽጎ የሚሸጥ ግን ማሸጊያውን ከማሳተሙ በፊት ያመልክት።

የመጨረሻው «ስም በማንኛውም ጊዜ ይለወጣል» የሚለው ነው። ጸሐፊው መንቆረር ደብረ ማርቆስ መሆኗን፣ ራስ አዳልም በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ተክለ ሃይማኖት መባላቸውን ያነሣሉ። እውነት ነው። ሆኖም ስሙን የለወጡት ንጉሥ ናቸው፤ ከኋላቸው ዙፋንና ሠራዊት፣ ለከተማዋም የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እንዲያም ሆኖ መንቆረር የሚለው ስም ዛሬም ከሰው አፍ ጨርሶ አልጠፋም። አምስት ወጣቶች ያቋቋሙት ማኅበር የንጉሥ አዋጅ የለውም።

ስም ሲለወጥ ምን እንደሚከተል እኔ በሥራዬ አያለሁ። መመሥረቻ ጽሑፉ በውልና ማስረጃ ይሻሻላል። ንግድ ምዝገባው፣ ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያው ይስተካከላል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ገቢዎች ሄዶ ይቀየራል፤ የተረፈው ደረሰኝ ተመላሽ ይሆናል። የባንክ ሒሳብ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የቦታ ካርታ፣ የኪራይ ውልና የብድር ውል በየመሥሪያ ቤቱ ይዞራል። ማኅተሙ ይቀየራል፤ ታፔላው ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ገና ዋናው ሥራ ይቀራል፤ ለደንበኞች ሁሉ «እኛው ነን» ብሎ ማስረዳት። ከዚህ መካከል ጥቂቱ ለእኔ ገቢ ነው፤ ግን ልጆቹ ሲከፍሉ ማየት ደስ አይለኝም።

መለወጥ የግድ ሲሆን ደግሞ ሥርዓት አለው። ዛሬ ሶኒ የምንለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲቋቋም የቶኪዮ ቴሌኮሙኒኬሽን ምሕንድስና የሚል ትርጉም ያለው ረጅም የጃፓንኛ ስም ነበረው። ሶኒ የሚለውን አስቀድሞ በ1955 በሬዲዮኖቹ ላይ አዋለው፤ ሰው ከለመደው በኋላ በ1958 የኩባንያውን ስም ለወጠ። ሥራውን የሚገልጸውን ስም ትቶ አጭሩን መያዙን ጸሐፊው ልብ ቢሉልኝ።

መልአኩን በተመለከተ፣ ብሂሉን የሚሉን እናቶች ለልጃቸው ስም ሲያወጡ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ይበልጣል፣ ምንይችል፣ አንተነህ፣ ደመላሽ ብለው በአንድ ቃል የቤቱን ታሪክ የተናገሩት አስበው ነው። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ቃል መምረጥ ችላ የሚባል ሥራ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምለው ይህን ነው። ሦስት ወይም አራት ስም ያዙ። ቅዳሜ ገበያ ውጡና ለማያውቃችሁ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ንገሩት፤ ዞራችሁ ስትመለሱ ምን እንደሚላችሁ ስሙ። ለሌላ ሰው በስልክ አስጽፉት፤ በአማርኛም በላቲንም ምን ብሎ እንደጻፈው ተመልከቱ። የቀረውን ይዛችሁ ንግድ ቢሮ ተመሳሳይ ስም ይኖር እንደሆነ አጣሩ፤ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም ጠይቁ። ማኅተም ለማስቀረጽ ወደ እኔ የምትመጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።